በፍልሰታ ጾም ሳን በርናር ተራራ ላይ የበላሁት ሾርባ

እኔ ሪቪው የምፅፈው ስናደድ ብቻ ነበር፣ ይሄኛው ግን ይለያል። በኦገስት ከጓደኛዬ ጋር ስዊስ ውስጥ ግራን ሳን በርናር የሚባለው ተራራ ላይ ወዳለው የመነኮሳት የእንግዳ ማረፊያ በእግር ሄድን፣ ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ! አይብ እንደ ውሃ በሚፈስበት አገር የጾም ምግብ ፍለጋ ተራራ መውጣት፣ አስቡት።

በባቡር ማርቲኒ፣ ቀይራችሁ ኦርሲየር፣ ከዛ በአውቶብስ ቡር ሳን ፒየር፣ ከዛ በኋላ እግር ነው። መንገድ ላይ የሆነ ካፌ ገብተን ጥቁር ቡና ስል ወተት አድርጎ አመጣልኝ፣ ጾም ነኝ ብለው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ፣ ሂሳቡን ግን አልረሳም። ስሙን ተዉት።

መንደሩ 1632 ሜትር ላይ ነው፣ ማረፊያው 2469 ላይ፣ እኛ በዝግታ አምስት ሰዓት ፈጀብን። መንገዱ ላይ ያለው የውሃ ግድብ ዳር ያለው ክፍል ቀላል ነው፣ መጨረሻ ላይ ግን የሙታን ሸለቆ የሚሉት ዳገት አለ፣ ጓደኛዬ ስሙን የሰማችው መሃሉ ላይ ቆማ ነው፣ "አሁን ነው የምትነግረኝ?" ብላ አንድ ሰዓት ሙሉ አላናገረችኝም። (ጠዋት ሙዝ በልቻለሁ፣ የንስሐ አባቴ እንዳይሰሙ።)

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ደረስን። ትኩስ ሻይ ቀረበልን፣ ማን ናችሁ ከየት ናችሁ ሳይባል። ቦታውን ቅዱስ በርናርድ በፈረንጅ 1050 አካባቢ የመሰረቱት ነው፣ በረዶ ላይ ለሚቀር መንገደኛ ተብሎ፣ ከዛ ጊዜ ጀምሮ ስራው ያው ነው፣ የመጣን መቀበል። በ1800 ናፖሊዮን 40 ሺህ ገደማ ወታደር ይዞ በዚህ ሲያልፍ ዳቦና አይብ ከወይን ጋር አቅርበውለታል፣ ሂሳቡ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላም ገና ተከፍሎ አላለቀም ነበር። እኛ ከፍለናል!

ማታ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሜኑ ምናምን የለም፣ የተሰራውን ነው የምትበሉት። እኔ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ ቅቤ የለም፣ አይብ የለም፣ እንቁላል የለም እያልኩ ስንተባተብ አስተናጋጁ "ኦርቶዶክስ?" አለኝ፣ አዎ ስለው ሄዶ ድንች፣ ካሮትና ባሮ ሽንኩርት ያለበት ሾርባ ከጠቆር ያለ ዳቦ ጋር ይዞልኝ መጣ፣ ሳልጠይቀው ሁለተኛም ጨመረልኝ። እውነት ለመናገር ሾርባው የቤት ሾርባ ነው፣ ፎቶ የሚነሳ አይደለም። ግን ገጠር አያቴ ቤት የመሸበት መንገደኛ "የእግዜር እንግዳ" ብሎ ሲገባ እንዴት እንደሚደረግለት ያየ ሰው ይገባዋል። ጓደኛዬ ጾመኛ ስላልሆነች አይቡን ፊት ለፊቴ ስትገምጥ ነበር፣ እሱን ለእግዜር ሰጥቻታለሁ።

ሚጥሚጣ በኪሴ ይዤ ስለነበር ሾርባው ላይ ነሰነስኩ፣ አጠገቤ የነበሩት ጣልያናዊ ሽማግሌ (ድንበሩ እኮ ማረፊያው አጠገብ ያለው ሐይቅ ጋ ነው) ምንድነው ብለው ቀመሱ፣ እንባቸው ወረደ። ጓደኛዬ በአማርኛ "ይቺ የአድዋ ናት" አለችኝ፣ እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፣ ሰውየው ግን ፊታቸውን ጠርገው እንደገና ሳህናቸውን ዘረጉ።

የምትሄዱ ካላችሁ በበጋቸው ሂዱ፣ በክረምታቸው መንገዱ በበረዶ ይዘጋና በስኪ ወይ በበረዶ ጫማ ብቻ ነው የሚደረሰው፣ በበጋ በቦታው ስም የሚጠሩትን ታዋቂዎቹን ትልልቅ ውሾችም ታያላችሁ። ሚጥሚጣ ደግሞ በዛ አድርጋችሁ ያዙ፣ የእኔ እዛው አልቋል።