አያት አካባቢ የእናቴን ደም ያስመረመርኩባቸው ሁለት ቦታዎች

ከቶሮንቶ የመጣሁት እናቴን ለማየት ነበር። ቤቷ ከአያት ወደ ጣፎ መውጫ ላይ ነው። ስደርስ ፊቷ ገርጥቷል። አንድ ፎቅ ለመውጣት ሁለቴ ትቆማለች። ከሦስት ሳምንት ዕረፍቴ አንዱ ምርመራ ላይ አለቀ።

መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ ወዳለ ክሊኒክ ሄድን። ስሙ ይቅር። ካርድ አወጣን፣ ደም ሰጠች፣ ውጤቱ ወዲያው ደረሰ። «ዊዳል 1:80 ፖዘቲቭ ነው፣ ታይፎይድ አለባቸው» ተባለና አንቲባዮቲክ ታዘዘ። ትኩሳት አላት ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ሙቀቷንም የለካ የለም። በጣም ነው ያናደደኝ። ዊዳል እኮ ባክቴሪያውን አያይም፤ የሚለካው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። ድሮ ታሞ የዳነም፣ የተከተበም ሰው ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚያሳየው የደም ካልቸር ይሻላል፤ ግን ቀናት ይፈጃል። ከመሃላችን «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ የማያውቅ ስንት ሰው አለ? መድኃኒቱን ከመግዛታችን በፊት ሌላ ሐኪም ለመጠየቅ ወሰንን።

ሁለተኛው ዋናው መንገድ ዳር ያለ ክሊኒክ ነው። የምርመራው ዋጋ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ወረፋው ረጅም ነው፤ በጠዋት ሂዱ። «ጾመው ይምጡ» ስትባል እማዬ የሁዳዴ ጾም መሰላት። ሽሮዋን በልታ መጣች። ደም የምትቀዳው ልጅ ዝም ብላ አልቀዳችም። «እማማ፣ የስኳሩ ጾም ሽሮም አይፈቅድም፤ ከውሃ በቀር ለ8 ሰዓት ምንም» ብላ ለነገ ቀጠረችን። ለዚህች ልጅ ምስጋናዬ ትልቅ ነው።

ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ እኛ አዙራ መስመር በመስመር አነበበችልን። ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በቀይ ደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ 9.8። ለሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ነው። ቀጥሎ ኤምሲቪ የሚለውን አሳየችን፤ የአንድ ቀይ ደም ሴል ትልቀት ማለት ነው። ከ80 እስከ 100 መሆን ሲገባው የእናቴ 71 ነው። ሴሎቹ ትናንሽ ከሆኑ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የብረት እጥረት ነው። ስለዚህ ፌሪቲን አዘዘች፤ የብረት ክምችት የሚለካበት ነው። ይሄኛው ናሙና መሃል ከተማ ተልኮ በሁለተኛው ቀን መጣ። 8። ከ15 በታች ከሆነ ክምችቱ አልቋል ማለት ነው።

ስኳሯ 118 ሲባል ደነገጥኩ። እኛ ካናዳ 5 እና 6 ነው የምንሰማው። ለካ መለኪያው ይለያያል፤ የአገር ቤቱን ለ18 ስታካፍሉት የውጭውን ይሰጣችኋል፣ 6.6 ገደማ። ከ100 በታች ጤነኛ ነው። 126ና ከዚያ በላይ በሌላ ቀን ከተደገመ የስኳር በሽታ ነው። እማዬ መሃል ላይ ነች። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የስኳር ምርመራ ጠየቅኩ። ሐኪሟ «ደሟ ይስተካከል መጀመሪያ፤ የብረት እጥረት ያንን ቁጥር ከፍ አድርጎ ሊያሳሳት ይችላል» አለችኝ።

እንክብል ሰጥታ ብቻ አልሸኘችንም። የወር አበባ ካቆመ ሰው ብረት ካለቀ ደሙ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል፣ ጨጓራና አንጀት መታየት አለበት አለች። ጨጓራን በካሜራ የሚያዩበት የኢንዶስኮፒ ቀጠሮ ሐሙስ ነው። እኔ እሁድ እበራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ክትትል ወንድሜ ይረከበዋል። የሁለቱንም ቦታ ውጤት ፎቶ አንስቼ ልኬለታለሁ።