ኤልኢዲ የፊት አምፖል፦ ቤት ፈትሼ ከገጠምኩት ወራት በኋላ

ቪትዜ ላይ የነበረውን ኤች4 ሃሎጅን (አጭርና ረጅም መብራት ባንድ ላይ ያለው የድሮው አምፖል) አውጥቼ ኤልኢዲ ከገጠምኩ ክረምቱም በጋውም አልፎበታል፣ እስካሁን አንዱም አልተቃጠለም። ለዚህ ደሞ ብራንዱን አላመሰግንም፣ ከመግጠሜ በፊት ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈትሼው ስለነበር ነው።

ሱቅ ላይ ያው ታውቃላችሁ፣ ሻጩ ባትሪ ላይ ነካ አርጎ ቦግ ያደርግላችሁና "ኦሪጅናል ነው" ይላል። ሲጀምር እኮ ሁሉም ኤልኢዲ ያምራል፣ ጉዱ ሚወጣው ሲሞቅ ነው።

እኔ የተጠቀምኩት ከአሮጌ ዴስክቶፕ የወጣ ፓወር ሰፕላይ ነው፣ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ስታገናኙት ይነሳል፣ ቢጫው 12 ቮልት ጥቁሩ ነጌቲቭ። መሃል ላይ ቴስተር (የቮልትና አምፒር መለኪያ) አስገባሁ (ቀዩን ገመድ 10 አምፒር ሚለው ቀዳዳ ላይ ካልሰካችሁት የቴስተሩ ፊውዝ ይሄዳል)። ካርቶኑ 100 ዋት ይላል፣ ቴስተሩ ግን 2 አምፒር ገደማ ነው ያነበበው፣ በ12 አባዙት፣ 25 ዋት እንኳን አይሞላም 😄 ብዙም አላናደደኝም ግን፣ ሃሎጅኑ በአጭር 55 በረጅም 60 ዋት እየበላ አብዛኛውን ሙቀት ነው ሚያደርገው፣ ኤልኢዲ በትንሽ ዋት ያበራል።

ወሳኙ ግማሽ ሰአት አብርቶ መተው ነው። አንዱ እንደጀመረ ቀጠለ፣ ሌላው እየሞቀ ሲሄድ አምፒሩ እየወረደ ብርሃኑም እየደከመ መጣ፣ ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ ከኋላው ያለችው ፋን ትቆራርጣለች። ገና ስላልተገጠመ ሻጩ ብዙም ሳይጨቃጨቅ ቀየረልኝ፣ መኪና ላይ ገብቶ ወጥቶ ቢሆን "የመኪናህ መስመር ነው ያበላሸው" ማለቱ አይቀርም ነበር። አጠገቡ ኤፍኤም ሬዲዮም ክፈቱ፣ ርካሽ ድራይቨር (ለኤልኢዲው ኤሌክትሪኩን ሚመጥነው ሰርኪዩት) ከሆነ ጣቢያውን ሽሽሽ ያረገዋል።

የድሮ ሃይሉክስ ወይ ላንድክሩዘር ያላችሁ ደሞ አንድ ነገር፦ ብዙዎቹ ላይ ፕላሱ ቀጥታ ይመጣና በማብሪያው ሚቆራረጠው ነጌቲቩ ነው፣ ስለዚ ጠረጴዛ ላይ ቦግ ያለ አምፖል መኪናው ላይ እምቢ ሊል ይችላል። ፕላስና ነጌቲቭ ሳይመርጥ ሚሰራ መሆኑን ሳትገዙ በፊት ጠይቁ።

የጨረሩን አቅጣጫ ግን ጠረጴዛ ላይ አታዩትም። ብርሃን ሚያወጡት ቺፖች ግራና ቀኝ እንዲያዩ አርጋችሁ ግጠሙና ማታ ግድግዳ ፊት አቁሙት፣ የአጭሩ መብራት የላይኛው ጫፍ ቁርጥ ብሎ ካልታየ ከፊት ሚመጣውን ሾፌር እያሳወራችሁት ነው። ማታ ቀለበት መንገድ ላይ ስነዳ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ይሄን ያረኩት ያስብለኛል።

ቅሬታዬ? በበጋ አቧራው ፋኗ ውስጥ ይገባል፣ አልፎ አልፎ በብሩሽ አጸዳታለሁ። ዋናው ግን ቀለሙ ነው፣ 6000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ነጭ ደረቅ መንገድ ላይ ቆንጆ ነው፣ ዝናብ የመታው አስፋልት ላይ ግን መስመሩ ይጠፋብኛል፣ ደብረሲና መንገድ ጣርማበር ላይ ጉም ውስጥማ ብርሃኑ ተመልሶ አይኔ ላይ ነው ሚመጣው። አሁን ብገዛ ወደ ቢጫ ሚያደላውን 4300 ነው ምወስደው። ሃሎጅኖቹን አልጣልኳቸውም፣ በክረምት ወደ ደብረሲና ከወጣሁ እነሱን መልሼ እገጥማለሁ።