የድሮ ፋሽን ብራንድ ለመጀመር፦ ሳልባጅ ወይስ ሸማ?

ፒያሳ ላይ በአንዲት ጠባብ ክፍል የድሮ ስታይል ልብስ መስፋት ልትጀምሪ ነው እንበል። ጨርቁ ከየት ይምጣ?

ከመርካቶ ሳልባጅ ገዝቶ መቀየር በትንሽ ገንዘብ ያስጀምራል። አሮጌ ኮት ፈትቶ መልሶ መስፋት ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ገበሩ፣ ትከሻው፣ ኪሱ እንዴት እንደተሠራ እጅሽ ይለምደዋል። ግን ደንበኛዋ "በእኔ ልክ አለ?" ስትልሽ መልስ የለሽም።

የሽሮ ሜዳ ሸማ ዋጋው ከበድ ይላል። በእጅ የተሸመነ ስለሆነ ቁመቱ እንጂ ስፋቱ ብዙ አይደለም፤ ስፌቱ የት እንደሚያርፍ ቀድሞ መታሰብ አለበት። ጫፉም ቶሎ ስለሚተረተር ካልተዘመዘመ አይሆንም። ያ ጥለት ግን! ቤል ቦተም ሱሪ ግርጌ ላይ ሲያርፍ ልብ ይሰርቃል። በየልኩ ደጋግመሽ መስፋትም ትችያለሽ።

እኔ ብሆን ሳልባጁን ለመማሪያ፣ ሸማውን ለሽያጭ አደርገዋለሁ።