የሠርግ ቦርሳዬን ስመዝነው፦ ታምሮን 35-150 እና አብረውት የሚጓዙት

ታምሮን 35-150 የተባለው ሌንስ፣ ማለትም ከሰፊው 35 ሚሊሜትር ሩቁን እስከሚያቀርበው 150 ሚሊሜትር የሚዘረጋው ዙም፣ 1,165 ግራም ይመዝናል። ስለ ጥራቱ ከማውራቴ በፊት ክብደቱን የማስቀድመው ሠርግ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት በእግር የሚቆሙበት ሥራ ስለሆነ ነው። ከካሜራው ጋር ሲደመር ሁለት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዕቃ ቀኑን ሙሉ ከትከሻ አይወርድም። ማታ ላይ አንጓዬ ይዝላል፤ ወገቤ ይቆረጣል። ይህም ሆኖ ከቦርሳህ ውስጥ አንድ ሌንስ ብቻ ይዘህ ሂድ ብባል እጄ የሚሄደው ወደ እርሱ ነው።

ከእርሱ በፊት የምሠራው በሁለቱ የተለመዱ ሌንሶች፣ በ24-70 እና በ70-200 ነበር። በሚሰጡት ፎቶ ጥራት አንዳች ቅሬታ የለኝም። የሚያስቸግረው የሚለያዩበት ቦታ ነው። 70 ሚሊሜትር አካባቢ ማለት ፊትና ትከሻ፣ የተያያዙ እጆች፣ እንባውን የሚጠርግ አባት የሚገኙበት ነው። አንዱ ሌንስ እዚያ ያልቃል፣ ሌላው ከዚያ ይጀምራል። ሙሽሪት ከበሩ ስትገባ 150 ያስፈልገኛል፤ አጠገቤ ስትደርስ 35። በመካከል ያሉት ጥቂት ሰከንዶች ካሜራ በመቀያየር ያልፉ ነበር፤ ሙሽሪት ቀና ብላ እናቷን የምታየው ደግሞ በእነዚያ ሰከንዶች ነው። አሁን ግራ እጄ የዙሙን ቀለበት ያዞራል፤ ዓይኔ ከቪውፋይንደሩ አይነሳም።

ታምሮን ይህን ሌንስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በ35 ሚሊሜትር ላይ አፐርቸሩ፣ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ እስከ ኤፍ 2 ይከፈታል (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ ዙሙ ሲረዝም ደረጃ በደረጃ እየጠበበ 80 አካባቢ ኤፍ 2.8 ላይ ይደርስና እስከ 150 በዚያው ይዘልቃል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ኤፍ 2 ከኤፍ 2.8 እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ በደብዛዛ አዳራሽ ውስጥ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፤ ሲጨምር ፎቶው ይሻክራል) 6400 የሚጠይቀኝን ፎቶ በ3200 አነሳዋለሁ ማለት ነው። በጨለማው የልብስ እጥፋት ላይ የሚታየው ሻካራነት ሲቀንስ፣ ፎቶውን ለአልበም የሚያትም ሰው ወዲያው ያስተውለዋል።

ጉድለቱንም መደበቅ አልፈልግም። በሌንሱ ውስጥ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ክፍል የለም፤ ሥራው ሁሉ በካሜራው ሴንሰር፣ ብርሃኑን በሚቀበለው ክፍል፣ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በ150 ሚሊሜትር የመዝጊያውን ፍጥነት ከሰከንድ 1/200 በታች አላወርደውም። ወደ ሌሊቱ መጨረሻ እጅ ሲደክም ይህ ልማድ ብዙ ፎቶ ያድናል። ሁለተኛው ጉድለት ስፋቱ ነው። ዘመድ አዝማድ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተጠጋግቶ ሲቆም 35 ሚሊሜትር አይበቃም። ለዚህ 373 ግራም ብቻ የሚመዝነውን የሶኒ 20 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 እይዛለሁ። ክፍሉን፣ ጣሪያውን፣ የተሰበሰበውን ሕዝብ በአንድ ፍሬም ያገባልኛል። ሰውን ግን ከፍሬሙ ጠርዝ ማራቅ ግድ ነው፤ በዚህ ስፋት ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ፊቱ ይለጠጣል፣ ክንዱ ይወፍራል። አንዲት አክስት በወንድሟ ልጅ አልበም ውስጥ ራሷን እንዲህ ሆና ማየት አይገባትም።

ለፖርትሬት፣ ለፊት ፎቶ፣ ግን ታምሮኑን ወደ ጎን አስቀምጬ ሲግማ 85 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 አወጣለሁ። ሲግማ ለመስታወት አልባ ካሜራዎች እ.ኤ.አ. በ2020 የሠራው ይህ ሌንስ ወደ 630 ግራም ይመዝናል፤ ለቀድሞዎቹ ባለመስታወት ካሜራዎች የተሠራው ታላቅ ወንድሙ 1,130 ግራም ነበር። አዲሱ ማዕዘኖቹ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ውስጥ ያጎብጣል፤ ካሜራው ወይም የማስተካከያው ፕሮግራም ያቃናዋል። ለፊት ሥራ ይህ ጨርሶ አያሳስብም።

የ85 ትልቁ ጥቅም የቆምኩበት ርቀት ይመስለኛል። የፊትን ቅርጽ የሚወስነው ካሜራው ከሰውየው ምን ያህል ራቀ የሚለው ነው፤ ከግማሽ ሜትር የተነሳ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። በ85 ፊትና ትከሻን ለመያዝ ሁለት ሜትር ያህል ርቄ እቆማለሁ፤ በዚያ ርቀት የሰው ፊት እንደምናውቀው ሆኖ ይታያል። በተጨማሪም ድምፄን ሳላነሳ መነጋገር እችላለሁ። ካሜራ ፊት የሚጨነቅ ሰው የሚፈታው በጨዋታ ነው። በ150 ራቅ ብዬ «አገጭዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ» ብዬ ብጮህ ሰውየው እንደ ወታደር ይደርቃል። ጠጋ ብዬ በለሆሳስ ስለ ልጆቹ ስጠይቀው ግን ትከሻው ይወርዳል፣ ዓይኑ ይበራል። የሌንስ ግምገማዎች ስለዚህ ነገር አለመጻፋቸው ይገርመኛል።

ኤፍ 1.4ን ግን ቆጥቤ ነው የምጠቀምበት። ቀዳዳው በዚህ ልክ ሲሰፋ ጥርት የሚለው ስፍራ ይሳሳል፤ በቅርብ ርቀት የሰውየው አንዱ ዓይን ጥርት ብሎ ሌላው ይደበዝዛል። ሙሽሮቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ ደግሞ የአንደኛው ፊት ትንሽ ወደ ኋላ ካለ ከፎከስ ውጭ ይሆናል። ለአንድ ሰው ኤፍ 2፣ ለሁለት ኤፍ 2.8 ወይም 4 ላይ እሠራለሁ። የኋላው ዳራ ያኔም በበቂ ይለሰልሳል።

ሁለቱ ካሜራዎቼ ሶኒ አልፋ 7 ፎር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ 33 ሜጋፒክስል። ከዚህ የፈጠነ ካሜራ ሞልቷል። እኔ የምወደው የሰውን ዓይን ፈልጎ ራሱ ጥርት የሚያደርገውን የዓይን ፎከሱን እና ሁለቱን የካርድ ቦታዎች ነው። እያንዳንዱ ፎቶ በሁለቱም ካርዶች ላይ በአንድ ጊዜ እንዲጻፍ አድርጌዋለሁ። አንድ ምሽት፣ ስሙን የማልጠቅሰው ድርጅት የሠራው ውድ ካርድ በጭፈራው መካከል ሞተ፤ በኮምፒውተርም ሊከፈት አልቻለም። ሁለተኛው ካርድ ላይ አንድም ፎቶ አልጎደለም። ሙሽሮቹም እስከ ዛሬ አላወቁም፤ ማወቅም አልነበረባቸውም። ከዚያ ወዲህ ባለአንድ ካርድ ካሜራ ለሠርግ ጥሩ ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ አጥብቄ እከራከራለሁ።

የዚህ ካሜራ ድምፅ አልባ መዝጊያ ለሠርግ አዳራሽ አይሆንም። ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች የሚያነበው ዝግ ብሎ ነው፤ የኤልኢዲ መብራቶች ደግሞ ለዓይን በማይታይ ፍጥነት ብልጭ ድርግም ስለሚሉ በፎቶው ላይ ጥቁርና ነጭ ሰንበር ይጋደማል። በሜካኒካል መዝጊያው እሠራለሁ፤ የምትሰማዋን ቀጭ የምትል ድምፅ ማንም አልተቀየመባትም።

በብርሃን በኩል ጎዶክስ ቪ1 የተባለው ፍላሽ ከካሜራው ላይ፣ ሁለት ኤዲ200 ፕሮ ፍላሾች ከአዳራሹ ማዕዘኖች። የቪ1 ሊቲየም ባትሪ በሙሉ ኃይል ወደ 480 ብልጭታ እንደሚሰጥ አምራቹ ይገልጻል፤ እኔ በሙሉ ኃይል ስለማልሠራ አንድ ባትሪ ምሽቱን ይዞልኝ ይወጣል። ክብ ጭንቅላቱ ብርሃን ያለሰልሳል የሚለው ወሬ ግን ትክክል አይደለም። ብርሃንን የሚያለሰልሰው የምንጩ ስፋት ነው። ፍላሹን ወደ ነጭ ግድግዳ ወይም ጣሪያ ባዞርኩት ጊዜ ግድግዳው ራሱ ትልቅ መብራት ይሆናል። ግድግዳው አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ የሙሽሪት ቆዳ አረንጓዴ ይሆናልና ያኔ ከማዕዘን ያሉትን እጠቀማለሁ።

የቀረው ጥቃቅን ነው፦ ትርፍ ባትሪዎች፣ ለስላሳ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ጥቁር ፕላስተር፣ መርፌና ክር። መርፌው ለቀሚስ ጫፍ ነው፤ ይፈለጋል።

ለጀማሪ የምመክረው ቅደም ተከተል ከዚህ ይለያል። መጀመሪያ ሁለተኛ ካሜራ፣ ያገለገለም ቢሆን። ቀጥሎ 85 ኤፍ 1.8፤ የሶኒው 371 ግራም ነው፣ ከኤፍ 1.4 ወንድሞቹም በዋጋ በጣም ይቀንሳል። ከዚያ ፍላሽ። ታምሮኑ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። የኒኮን ዜድ ካሜራ ያላችሁም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የእናንተው ዓይነት ወጥቷል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ከባልደረባ ተዋሱና አንድ ሙሉ ቀን ከትከሻችሁ ሳታወርዱ ሥሩበት፤ ሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ሲይዙት ቀላል ይመስላል።