ሦስት ባለሙያ ጠየቅኩ፣ ውሃውን የለካው አንዱ ብቻ ነው

ለሦስት ሳምንት እረፍት ነበር የሄድኩት። እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ወሬ ልሰማ፣ እንቅልፌን ልጠግብ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሻወር ገባሁ። ሳሙናው አረፋ አልሰጥ አለኝ። ደጋግሜ ባሸው ግራጫ እድፍ ሆኖ ቆዳዬ ላይ ተለጠፈ። ስወጣ ፀጉሬ እንደ ገመድ ደርቋል። ማንቆርቆሪያውን ከፍቼ ባየው ውስጡ ነጭ ቅርፊት አብቅሏል።

«እማዬ፣ የውሃ ማለስለሻው ይሠራል?»

«መብራቱ በርቷል እኮ» አለችኝ።

መብራቱስ በርቷል። ማሽኑ ግን 14 ዓመቱ ነው። ሲገዛ ቤቱ ውስጥ ስድስት ሰው ነበር። አሁን ያሉት እናቴ፣ አክስቴና የአክስቴ ልጅ ብቻ ናቸው። ከእረፍቴ ግማሽ ያህሉ አዲስ ማለስለሻ በመምረጥ አለቀ። ቤተሰብ ልጠይቅ ብሎ ሄዶ እንዲህ ያለ ጣጣ የሚጠብቀው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ስለዚህ ያገኘሁትን አገልግሎት ሁሉ እጽፋለሁ። የማንንም ስም አልጠራም።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ጠንካራ ውሃ የሚባለው ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ ነው። አይመርዝም። ሲሞቅ ግን ኖራው እየተለየ ይጋገራል፤ ቦይለር ውስጥ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ፣ የሻወሩ ቀዳዳ ላይ። ማለስለሻው ሆድ ውስጥ ሬዚን የሚባሉ የአሸዋ ያህል የደቀቁ፣ ቢጫማ የፕላስቲክ ፍሬዎች አሉ። ውሃው በመሃላቸው ሲያልፍ ካልሲየሙን ይይዙና በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ። ሲጠግቡ ማሽኑ በጨው ውሃ ያጥባቸዋል። የያዙት ኖራ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፣ እነሱም እንደገና ሥራ ይጀምራሉ።

መጀመሪያ የደወልኩት አንድ ሻጭ ጋ ነው። ስልኩ በሁለተኛው ጥሪ ተነሳ። ልጅቷ ትሁት ናት።

«ስንት መታጠቢያ ቤት አላችሁ?»

«ሦስት።»

«እንግዲያው ትልቁ ነው የሚሆናችሁ።»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፕሮፎርማው ስልኬ ላይ ገባ። 75 ሊትር ሬዚን የሚይዝ ማሽን! ስንት ሰው እንዳለ አልተጠየቅኩም። ውሃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነም እንዲሁ። ለፍጥነታቸው ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። ግን መታጠቢያ ቤት ውሃ አይጠቀምም፤ ውሃ የሚጠቀመው ሰው ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ቁጥር የሚጠቅመው ስንት ቧንቧ በአንዴ ይከፈታል የሚለውን ለመገመት ነው። ማሽኑ ከልክ በላይ ሲተልቅ ደግሞ ጥቂት ሰው የሚጠቀመው ውሃ በዝግታ ስለሚፈስ ሬዚኑን በእኩል አያዳርስም። የራሱን ቀጭን መንገድ አበጅቶ ሹልክ ይላል።

ሁለተኛው ባለሙያ ቤት ድረስ መጣ። ቀጠሮውን በደቂቃ አከበረ፣ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ከቦርሳው ሁለት ጥቁር ማግኔት አወጣና ቧንቧው ላይ እንዴት እንደሚታሰር አሳየን። «ጨው የለ፣ ፍሳሽ የለ፣ ጥገና የለ» አለ። አክስቴ ዓይኗ በራ። የጨው ከረጢት የምትሸከመው እሷ ናት።

«ይሄ ከታሰረ በኋላ ውሃው ቢለካ ጥንካሬው ይቀንሳል?» አልኩት።

«አይ፣ ካልሲየሙ እዚያው ነው። ባህሪው ነው የሚለወጠው።»

አልዋሸም፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ግን ማግኔት ላይ የተደረጉት ሙከራዎች አንዱ ሠራ ሲል ሌላው አልሠራም እያለ እስካሁን አስተማማኝ ውጤት አልወጣቸውም። ካልሲየሙን ወደ ደቃቅ ክሪስታል ለውጠው እንዳይለጠፍ የሚያደርጉ ማጣሪያዎችም አሉ። እነሱ ከማግኔቱ የተሻሉ ናቸው፤ ቦይለርን ከቅርፊት ይጠብቃሉ። ሆኖም ካልሲየሙ ውሃው ውስጥ ስለሚቀር ሳሙናው ያው እንደተለመደው ነው። የኔ ጠብ ደግሞ ከሳሙናው ጋር ነበር። ልጁን በምስጋና ሸኘነው። አክስቴ ግን እስከ ማታ አኮረፈች።

ሦስተኛውን ያገኘናቸው በጎረቤት ነው። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ማሽኑን እንኳ ሳያዩ «ሁለት ብርጭቆ ስጪኝ ልጄ» አሉኝ። በአንዱ ከማለስለሻው በፊት ካለው የግቢ ቧንቧ ቀዱ፣ በሁለተኛው ከኩሽና። ከትንሽ ጠርሙስ ዱቄት ነገር ጨመሩበት፤ ውሃው ቀይ ሆነ። ከዚያ በሌላ ብልቃጥ አንድ አንድ ጠብታ እያንጠባጠቡ መቁጠር ጀመሩ። እናቴ አብራ ትቆጥራለች። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት... አሥራ ስምንተኛው ላይ ቀዩ ውሃ ድንገት ሰማያዊ ሆነ።

አንድ ጠብታ 17 ሚሊግራም በሊትር ነው። አሥራ ስምንቱ ሲባዛ 310 ገደማ ይመጣል። ከ180 በላይ ያለው በጣም ጠንካራ ከሚባለው ወገን ነው። ከኩሽና የተቀዳው ብርጭቆስ? አሥራ ሰባት ጠብታ! ማሽኑ መብራቱን አብርቶ ተኝቷል ማለት ነው።

«ጨው መቼ ሞላችሁ?» አሉ ጋሼ።

«እኔ እኮ ሁሌ አየዋለሁ፣ ሁሌም ሙሉ ነው» አለች እናቴ፣ ደስ ብሏት።

እሳቸው ሳቁና የመጥረጊያ እንጨት አስመጡ። የጨው ጋኑን ከላይ ሲወጉት ቋ አለ። ጨው ተጋግሮ እንደ ድልድይ ቆሟል፤ ከሥሩ ባዶ ነው። ውሃው ጨው ጋ አይደርስም፣ ሬዚኑም ለወራት በባዶ ውሃ ሲታጠብ ከርሟል። ጨው ካልቀነሰ ማሽኑ አልበላም ማለት ነው። ይህችን ማንም ሰው በነጻ ሊያረጋግጣት ይችላል። ቴክኒሽያን ከመጥራታችሁ በፊት እንጨት አንሱ።

ድልድዩን ሰብረው ማሽኑን በእጅ አስነሱትና በማግስቱ ተመልሰው ለኩ። አሥራ አንድ ጠብታ። ተሻለ፣ ግን አልዳነም። የኩሽናውን ቧንቧ አፍ ፈትተው ወንፊቷን መዳፌ ላይ ገለበጡልኝ። ቢጫ ፍሬዎች! አንዷን በጣቴ ብጨምቃት ተጨፈለቀች። ሬዚን እንዲህ መሆን የለበትም። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል፤ ክሎሪን የበዛበት ውሃ ግን ቀድሞ ያበሰብሰዋል። ከታች ፍሬዎቹን የሚያግደው ቅርጫትም ተሰንጥቋል።

ሰውየውን ያመንኳቸው ከዚህ በኋላ ባሉት ነገር ነው። «አዲስ ብሸጥላችሁ ደስ ይለኛል። ግን ታንኩ ደህና ነው። ሬዚኑንና ቅርጫቱን ብቻ መቀየር ይቻላል» አሉ። ወንድሜ በስልክ ሆኖ ይሄንኑ ደገፈ። ቫልቩ፣ ማለትም ማሽኑ መቼ እንደሚታጠብ የሚወስነው ክፍል፣ ቆጣሪ ያለው ቢሆን እኔም እስማማ ነበር። የእኛው ግን በሰዓት የሚሠራ ነው። ሰው ኖረም አልኖረም በየሦስት ቀኑ ተነስቶ ይታጠባል፣ ጨውም ውሃም ይደፋል። የጎማ ማሸጊያዎቹም ከገበያ ከጠፉ ቆይተዋል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ይቀየር ተባለ፤ አዲሱ ያለፈውን ውሃ በሊትር እየቆጠረ፣ ሬዚኑ ሲጠግብ ብቻ የሚታጠብ እንዲሆን።

ስሌቱን የሠራነው በዚያው በፕሮፎርማው ጀርባ ነው። ሦስት ሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን 150 ሊትር። ይህ 450 ሊትር ነው። በ310 ሲባዛ በቀን 140 ግራም ገደማ ኖራ። አንድ ሊትር ሬዚን ጨው ቆጥቦ ሲታጠብ 45 ግራም ያህል ይይዛል። 20 ሊትር ሬዚን ያለው ማሽን 900 ግራም ያዘ ማለት ነው። በስድስት ቀን ተኩል አንዴ ይታጠባል። ስምንት ሰው ሆነን ስንሰበሰብ በሁለት ቀን ተኩል። ይኸው ነው፤ 75 ሊትር የሚባል ነገር የትም አልመጣም።

«ጨው ቆጥቦ» ያልኩትን ላብራራው፤ ሻጮች አይነግሯችሁም። 28 ሊትር ሬዚን በ2.7 ኪሎ ጨው ቢታጠብ 1.3 ኪሎ ኖራ ያነሳል። በ6.8 ኪሎ ጨው ቢታጠብ ደግሞ 1.9 ኪሎ። ጨዉ ከእጥፍ በላይ ጨመረ፣ ሥራው ግን በግማሽ ብቻ። ካታሎግ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ያ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ስለዚህ «ስንት ይይዛል?» ብላችሁ አታቁሙ። «በስንት ኪሎ ጨው?» በሉ።

ሌላ ወጥመድ አለ። ቫልቩ ሲገጠም የውሃውን ጥንካሬ በቁጥር አስገባ ይላል። በምን መለኪያ? የጀርመን ዲግሪ 17.8 ሚሊግራም ነው። የአሜሪካኖቹ ግሬን 17.1 ነው። የፈረንሳይ ዲግሪ ግን 10 ብቻ ነው። የእኛን 18 ጠብታ የፈረንሳይ ዲግሪ በሚጠይቅ ማሽን ላይ 18 ብላችሁ ብትሞሉት ውሃው 180 ነው ብሎ ያምናል፤ ሬዚኑ ከጠገበ በኋላም ዝም ብሎ ያሳልፋል። መሞላት የነበረበት 31 ነው።

የእናቴ ደም ግፊት ነገር አሳስቦኝ ነበር። የመጀመሪያዋን ሻጭ ስጠይቃት «ጨው ወደ ውሃው አይገባም» ብላኛለች። ጨዉ አይገባም፤ ሶዲየሙ ግን ይገባል። ለእያንዳንዱ 100 ሚሊግራም ጥንካሬ 46 ሚሊግራም ሶዲየም ይተካል። በእኛ ውሃ በሊትር 143 ሚሊግራም ገደማ ነው። ጋሼ ሳልጠይቃቸው መፍትሔውን ነገሩን፦ የኩሽናው ቀዝቃዛ ውሃ ከማለስለሻው በፊት ተቀጥሎ እንዳለ ይቅር፣ የሚጠጣውም የሚበሰልበትም ከዚያ ይቀዳ። የአትክልቱ ቧንቧም እንደዚያው፤ ተክል ሶዲየም አይወድም። በጨው ፈንታ ፖታሲየም ክሎራይድ መጠቀምም ይቻላል፤ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ካለ ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይሞከርም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ቧንቧውን የቀጠሉት ሌላ ቡድን ናቸው። አምስት ሰዓት አርፍደው መጡ፤ ይቅርታም የለ። የፍሳሹን ቱቦ እስከ አንገቱ ፍሳሽ መስመር ውስጥ ከተውት ሄዱ። በቱቦውና በፍሳሹ መሃል አየር የሚገባበት ክፍተት መኖር አለበት፤ አለዚያ ግፊት ሲወርድ ቆሻሻው ወደ ማሽኑ ሊሳብ ይችላል። ማታ ጋሼ በሰጡኝ መመርመሪያ ወረቀት የሻወሩን ውሃ ብለካው አምስት ጠብታ የሚያህል ጥንካሬ አሳየኝ። በአዲስ ማሽን! ለካ የባይፓሱን ቫልቭ (ውሃው ማለስለሻውን ሳይነካ የሚያልፍበትን) ግማሽ ከፍተው ትተውታል፤ ጠንካራው ውሃ ከለስላሳው ጋር እየተደባለቀ ይገባል። ቫልቩን ራሴ ዘጋሁት። ለፍሳሹ ሦስት ጊዜ ደውዬ በአራተኛው ቀን መጥተው አስተካከሉ። መልሼ አልጠራቸውም።

ላቦራቶሪም ናሙና ሰጥቼ ነበር። ሥራቸው ንጹህ ነው፣ ዘገምተኛ ናቸው። ውጤቱ የደረሰኝ ሻንጣ ስሸክፍ ነው፤ ከጋሼ ጠብታ ጋር ገጠመ። የሚሰጣቸው አይቆጭም፤ በተለይ የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ሰው፣ ብረት ካለበት ብረቱ ሬዚኑን ስለሚያበላሸው ማወቅ አለበት። ግን በገባችሁ በመጀመሪያው ቀን ስጡ።

እናቴ አዲሱን ውሃ ለመልመድ ጊዜ ወስዶባታል። «ሳሙናው አልለቅ አለኝ፣ ያሙለጨልጨኛል» ትላለች። ሳሙናውን በግማሽ ቀንሺው አልኳት። አልቀነሰችም መሰለኝ።

ከተመለስኩ በሳምንቱ ደወለች።

«ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ያ ማሽን ይጮሃል። ውሃ ይለቃል፣ ያቆማል፣ ይለቃል።»

«እየታጠበ ነው እማዬ። ጨዉ ቀንሷል?»

ሄዳ አየችው። የመጥረጊያው እንጨት ጋኑን ሲመታ በስልክ ይሰማኛል።

«ቀንሷል» አለች። «ታዲያ ቀን አይታጠብም?»