«ናኖ» የሚለው የዳይክሎፌናክ ጄል፦ ለጉልበት ደህና ነው፣ ለወገብ ግን ገንዘብዎን ይያዙ

ጅማ ላይ፣ መርካቶም ይሁን ፈረንጅ አራዳ፣ ፋርማሲ ገብቶ «የጉልበት ቅባት» ላለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወጣለት ዳይክሎፌናክ የተባለው የሕመምና የእብጠት ማስታገሻ ያለበት ጄል ነው። ከተለመደው ጎን ደግሞ «ናኖ» የሚል የታተመበት (መድኃኒቱ በጥቃቅን የስብ ቅንጣት ውስጥ የገባበት)፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ትዩብ አለ። እዚህ የምንገመግመው እሱን ነው።

በአጠቃቀም ረገድ ጥሩ ነው። ቀለል ያለ ነው፣ ቶሎ ይሰራጫል፣ ቅባትነቱ ልብስ ላይ አይቀርም። ለተጨማሪው ዋጋ ግን ማሸጊያው በቂ ምክንያት አያቀርብም።

የቆዳችን የላይኛው የሞተ ሽፋን ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው፤ ሆኖም መድኃኒትን በማገድ የሚስተካከለው የለም። የመድኃኒቱ ሞለኪውል ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በላይ ከሆነ ሰንጥቆ ማለፍ ይከብደዋል። ዳይክሎፌናክ ወደ 300 ዳልተን ስለሆነ በመጠን ረገድ ያልፋል፤ የሚያስቸግረው በጨው መልኩ (እንደ ሶዲየም ካለ ነገር ጋር ተጣምሮ) ሲሆን ስብ የበዛበትን ሽፋን አለመውደዱ ነው። በጥቃቅን የስብ ቅንጣት ውስጥ ማስገባት እዚህ ላይ ይረዳል። ነገር ግን ኢመልጄል የሚባለው ተራው ጄልም የዘይት ጠብታ የያዘ ነው፤ ማለትም ሥራው ከፊሉ አስቀድሞ ተሠርቷል።

ማሸጊያው ላይ ያለው ሥዕል ቅንጣቶቹ እንዳሉ ቆዳን ሰንጥቀው መገጣጠሚያ ውስጥ ሲገቡ ያሳያል። ጤናማ ቆዳ ላይ እንዲህ አይሆንም። አብዛኞቹ ላይ ላዩን ወይም በፀጉር ቀዳዳ ውስጥ ይቀራሉ፤ ከዚያ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ይለቃሉ፤ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው መድኃኒቱ ነው። ወደ ፀጉር ቀዳዳው የሚገፋቸው ደግሞ ማሸት ነው። ቀብቶ መተው ስለዚህ ለዚህ ጄል በተለይ ብክነት ነው።

ዋናው ስህተት ያለው መጠን ላይ ነው። ባለ 1 በመቶ ጄል ለአንድ ጉልበት በአንድ ጊዜ እስከ 4 ግራም፣ በቀን እስከ አራት ጊዜ ነው የሚታዘዘው። ለእጅ ጣቶችና ለእጅ አንጓ 2 ግራም ይበቃል። አፉ 5 ሚሊሜትር ከሆነ ትዩብ የሌባ ጣት የመጀመሪያ አንጓ ላይ ከጫፍ እስከ መታጠፊያው የተዘረጋ መስመር ግማሽ ግራም ያህል ስለሆነ፣ 4 ግራም ማለት ስምንት መስመር ነው። ሰው የአተር ፍሬ የምታህል ጠብ አድርጎ «አልሠራልኝም» ይላል። በሙሉ መጠን ከተቀባ ግን ባለ 30 ግራም ትዩብ ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም! ዋጋ ሲያነጻጽሩ በትዩብ ሳይሆን በግራም ያስሉ፤ የናኖው ውድነት ያኔ ይታያል።

የትዩቡን ጀርባም ያንብቡ። አንዱ 1 በመቶ ዳይክሎፌናክ ሶዲየም፣ ሌላው 1.16 በመቶ ዳይክሎፌናክ ዳይኤቲላሚን ይላል። ሁለተኛው አይበረታም፤ የሚከብደው ጨዉ ነው፣ መድኃኒቱ እኩል ነው። 2.32 በመቶ የሚለው ግን በእርግጥ እጥፍ ነው፤ እሱ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ይቀባል። «ናኖ» ብሎ የጨዉን ስምና መጠን ያልጻፈ፣ የምርት ቁጥርና የማብቂያ ቀን የሌለው ትዩብ መደርደሪያው ላይ ቢቀር ይሻላል።

አቀማመጡ ከተራው ጄል የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በበጋ ከሰዓት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ባጃጅ ውስጥ የቆየ ትዩብ ቅንጣቶቹ እየተያያዙ ይተልቃሉ፤ ፍሪዘር ውስጥ ያደረ ደግሞ ስቡ ከውሃው ይለያል። ሲጨመቅ ቀድሞ ውሃ ከወጣ፣ በጣት መካከል አሸዋ አሸዋ ካለ ወይም የቆየ ዘይት ከሸተተ ተበላሽቷል። ትዩቡን ማሸትና መነቅነቅ አይመልሰውም።

አቀባቡ፦ ንጹሕ፣ ደረቅና ያልቆሰለ ቆዳ ላይ፣ ጉልበቱን ዙሪያውን አዳርሶ ቀስ እያሉ ማሸት። ልብስ ከመልበስ በፊት አሥር ደቂቃ፣ ከመታጠብ በፊት አንድ ሰዓት መጠበቅ። የታመመው እጅ ካልሆነ በስተቀር እጅን መታጠብ፤ ዓይን ከነካ ያቃጥላል። በፕላስቲክ መጠቅለልና ትኩስ ፎጣ መደረብ አይገባም፤ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ያበዛል።

ወደ ደም የሚገባው ከኪኒኑ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ በአንድ ጉልበት ላይ በሙሉ መጠን ሲቀባ 6 በመቶ ያህል። ትንሽ ነው ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምረው፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ያለች ነፍሰ ጡርም እንዲሁ። ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ኪኒን እየዋጡ ላዩ ላይ መቀባትም አያስፈልግም።

ስለ ወገቡ ደግሞ። የቡና ጆንያ ሲሸከም ውሎ ለወገቡ ይህን የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ጄሉ ጥቅሙ በደንብ የታየው ለቆዳ ቅርብ በሆኑ መገጣጠሚያዎች፣ በጉልበትና በእጅ ላይ ነው። አከርካሪና ዳሌ በጥልቅ ጡንቻ የተሸፈኑ ናቸው፤ ቅንጣቱ ቢያንስም ያን ርቀት አያሳጥረውም። ለጉልበት ከሆነ ተራውን ባለ 1 በመቶ ጄል በትልቁ ትዩብ ይግዙ፤ የናኖውን የዋጋ ልዩነት ለሁለተኛ ትዩብ ያውሉት።