ያገለገለ መኪና በብድር፦ ባንክ፣ ማህበር፣ ዕቁብ ወይስ የሻጭ ዱቤ?

ባለፈው ወር ብቻ አራት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ያገለገለ መኪና ልገዛ ነበር፣ ብድሩን ከባንክ ልውሰድ ወይስ ከማህበር?» አራቱም እዚሁ ባህር ዳር ያሉ ደመወዝተኞች ናቸው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግመው እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። መሥሪያ ቤታችሁ ቁጠባና ብድር ማህበር ካለው ከዚያ ተበደሩ። የጎደለውን በዕቁብ ሙሉ። ባንክ ከሁለቱ በኋላ ይምጣ። «ግማሹን ስጠኝ፣ ቀሪውን በየወሩ ትከፍለኛለህ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ግን ትታችሁት ሂዱ።

ይህን የምለው ባንኩን ሞክሬ ስለተቃጠልኩ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የ2007 ቪትዝ አገኘሁ። ሻጩ 1,150,000 ብር አለ። ባንኩ ከዚህ ዋጋ ተነስቶ የሚያበድረኝ መስሎኝ ነበር። አይደለም። የባንኩ ገማች መጣ፣ መኪናዋን ዞሮ አያት፣ ኮፈኑን ከፍቶ የሻንሲ ቁጥሯን ጻፈ፣ 900 ሺህ ብሎ ገመታት። ባንኩ የሰጠኝ የግምቱን 60 በመቶ ነው፤ 540 ሺህ። እጄ ላይ 450 ሺህ ነበረኝ። ጉዳዩ ሰባት ሳምንት ፈጀ። በዚያ መሃል ሻጩ 40 ሺህ ጨመረ። የጎደለውን 200 ሺህ ከወንድሜና ከአክስቴ ለቃቀምኩ። ደላላው ደግሞ 2 በመቶ ብሎ 23,800 ወሰደ።

ባንኮች ለምን እንደሚያጓትቱ አንዱ ምክንያት ይታወቃል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ ቢልም የሚያበድሩት ብር የተቆጠረ ሆነ። ወረፋው ረዘመ። መኪና ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም። ጥር 2016 ላይ የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ማስገባት ከተከለከለ፣ ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሻጮች ዋጋ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ሲል አላየሁም።

ሌላም አለ። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ለባንኩ አይበቃውም። ሙሉ ኢንሹራንስ ካልገባሁ ብድሩ አይለቀቅም ተባልኩ። ያንን በየዓመቱ አድሳለሁ።

ሁሉን ከፍዬ ስጨርስ ለጥገና የቀረኝ ምንም አልነበረም። ጉዱ የመጣው በሦስተኛው ወር ነው።

ስገዛት አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሬ ተመልሼ ነበር የሞከርኳት። ባህር ዳር ሜዳ ናት፣ በሜዳ የካምቢዮ ችግር አይታወቅም። ቤዛዊት ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም። መካኒኩ የካምቢዮውን የዘይት ትሪ ፈትቶ አወጣው። ማግኔቱ ላይ ጭቃ የሚመስል ጥቁር የብረት ብናኝ ተከምሯል። ዘይቱን በሁለት ጣቱ አሽቶ አስሸተተኝ፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። «እህቴ፣ ይቺ ካምቢዮዋ ሲቪቲ፣ በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ ነው፤ የራሱ ዘይት አለው። የሞሉባት የተራ አውቶማቲክ ዘይት ነው» አለኝ። ያገለገለ ካምቢዮ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ አስመጣሁ። ከነማጓጓዣውና ከነእጅ ዋጋው 170 ሺህ ብር። ኢንሹራንሱ ለግጭት እንጂ ላለቀ ዕቃ አይከፍልም። የባንኩ 15,862 ብር ደግሞ በቀኑ ይቆረጣል።

እንደዚያ ሆና ልሽጣት ብል አልችልም። ሊብሬው ባንክ ነው፣ ፋይሏ ላይ እገዳ አለ። ክፍያ ቢቋረጥ ምን እንደሚመጣም እወቁት። በሕጉ ባንክ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የተያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

ወለዱን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። የእኔ 18 በመቶ ነው፣ የሚታሰበውም በቀሪው ዕዳ ላይ ነው። በአራት ዓመት 221 ሺህ ያህል ወለድ እከፍላለሁ። አንድ አበዳሪ «የእኛ 10 በመቶ ብቻ ነው» ብሎኝ ልቤ ሄዶ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳሰላው እሱ ወለዱን የሚያስበው እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው 540 ሺህ ላይ ነው። በዓመት 54 ሺህ፣ በአራት ዓመት 216 ሺህ። በወር 15,750 ብር። ከ18 በመቶው የሚለየው በ112 ብር ነው! ስለዚህ «ስንት በመቶ ነው?» ብላችሁ አትመለሱ። «በቀሪው ላይ ነው ወይስ በዋናው?» በሉ፤ የየወሩን ክፍያ በወረቀት ጽፈው ይስጧችሁ።

የአጎቴ ልጅ ያደረገውን እዩ። በመሥሪያ ቤቱ ማህበር 120 ሺህ ቆጥቦ ነበር። ማህበሩ የቁጠባውን ሦስት እጥፍ ያበድራል፤ 360 ሺህ በ13 በመቶ፣ በቀሪው ዕዳ፣ ለሦስት ዓመት። በወር 12,130 ይከፍላል። ወለዱ በጠቅላላ ወደ 77 ሺህ ነው። ከዚያ 30 ሰው በወር 7 ሺህ የሚጥልበት ዕቁብ ገባ። 210 ሺህ ማለት ነው። ዕጣው እስኪወጣለት አልጠበቀም፤ ቀድሞ ከወጣለት ሰው በ15 ሺህ ብር ገዛ።

በድምሩ 570 ሺህ የሰው ብር ተጠቅሞ የሚያስከፍለው 92 ሺህ ነው። የእኔ 540 ሺህ 221 ሺህ ያስከፍለኛል። እውነት ለመናገር በየወሩ ከእኔ 3 ሺህ ብር በላይ አስበልጦ ነው የሚከፍለው። እሱና ሚስቱ ሁለት ደመወዝ ባይኖራቸው አይችሉትም ነበር።

የገዛው ደግሞ የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ነው፤ 620 ሺህ። ዕድሜዋ ከ30 ዓመት በላይ ነው። እኔ የሄድኩበት ባንክ እንዲህ ያለችውን ገማችም አይልክላትም። ማህበሩ ግን የሚይዘው ዋስ እንጂ መኪና ስላልሆነ ዕድሜዋን አልጠየቀም። ሊብሬዋ በስሙ፣ በእጁ ነው። ከማህበሩ ቁጠባ ሌላ ከራሱ 120 ሺህ ጨምሮ ስለነበር፣ ለዕቁቡ ዕጣ የከፈለው 15 ሺህ ሲወጣ 55 ሺህ ተረፈው። በዚያ ጎማ፣ የፍሬን ሸራና ቺንጊያ ቀየረ። ማንም መካኒክ ያውቃታል።

ማህበርም ችግር አለው። ሦስት ዋስ አምጣ ይላል፤ ሥራ ከለቀቃችሁ የእነሱ ደመወዝ ነው የሚቆረጠው። ብድሩ እስኪያልቅ ቁጠባችሁን አትነኩትም። ዕቁብም ዳኛውን ካላወቃችሁት አይገባበትም።

የሻጭ ዱቤ ላይ ብዙ አልልም። ጎረቤታችን ሚኒባስ በግማሽ ክፍያ ወሰደ፤ ሊብሬው በሻጩ ስም፣ የሚነዳው በውክልና። ሻጩ ሞተ። ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናውም ያበቃል። ወራሾቹ «አናውቅህም» አሉት። ሚኒባሱ ከዓመት በላይ ቆሟል፣ እሱ ፍርድ ቤት ይመላለሳል።

በየትኛውም መንገድ ብትበደሩ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ፋይሉ ያለበት የትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ አጣሩ። ታርጋው የአዲስ አበባ ከሆነ ፋይሉ እዚያ ነው። መካኒኩን ደላላው አያምጣላችሁ፣ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ ቤዛዊት ውጡባት። ከብድሩ ላይም ቢያንስ 60፣ 70 ሺህ ሳትነኩ ለጥገና አስቀምጡ።

የእኔ ሊብሬ እስካሁን ባንክ ነው። 22 ወር ይቀረኛል።